አሥር ሰከንድ

ታይዋን ተራ፣ ረምዚ ዘንድ፣ የአባዬን ላፕቶፕ ወሰድኩለት።
«ልጥረገውና አዲስ ልጫንበት?»
«እንዳትነካበት!
የባቡር ዘመኑ ሒሳብ፣ የዕቁብ ዝርዝሩ አለበት።»

ቬንትሌተሩ ያቃስታል፤ መብራት ይሄዳል ብሎ እየሰጋ
ዲስኩን መሐል ለመሐል ከፍሎ ደቻቱን ዘረጋ፤
ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ፣
አሮጌው ዊንዶውስ ባንዱ፣ ሊኑክስ በሌላ።

«ጎርፍ ቢመጣስ?» አልኩት። ቀና ብሎ ዝም አለኝ፤
የድሬ ልጅ ነው፣ ገባው። ቅጂውን በፍላሽ ሰጠኝ።

አሁን ስከፍተው «የቱን?» ይላል፣ ከአሥር ወደ ታች ይቆጥራል፤
ዝም ካልኩ አዲሱ ይነሣል።
ሥራ አለብኝ፤ የምፈልገውም እሱን ነው።
ግን እስከ ሁለት ድረስ
ጣቴ ወደ አባዬ በምትወስደው ቀስት ላይ ነው።