ሦስት በመቶ

ክፍል የሚከፈተው ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣
የከዚራ አስፋልት ወላፈኑ ሲለቅ፤
አሥራ ስድስት ዓመት መርፌ ስወጋ ኖሬ
ዋጋ ልማር ብዬ ተማሪ ሆንኩ ዛሬ።
ቴርሞሜትር በዋለበት በጋዋኔ ኪስ
ካልኩሌተር ይዤ፣ ላቤን በእጄ ሳብስ፣
ከማይዞረው ፋን ሥር፣ ከኋላ ተቀምጬ
የነፍስን ስሌት ሰማሁ፣ ዓይኔን አፍጥጬ።

"አንድ የጤና ዓመት፣ ዘንድሮ አንድ ቢሆን፣
ያው ዓመት ለከርሞ ያንሳል" ብለው አሉን።
ሦስት በመቶ።
በየዓመቱ ሲሸረፍ፣ ሲሸረፍ፣ ሲሸረፍ፣
የሃያ ዓመቱ ጤና ወደ ግማሽ ሲረግፍ።

"ለምን?" አለ አንዱ ልጅ።
መምህር ሰብስቤ ጠመኔ አስቀመጡ፣
መንገዱን አይተው፣ ወደ እኛ ዞረው መጡ፦
"ጫቱን እዩት እስቲ። ከአወዳይ ሲገባ
ሰው ተረጋግጦበት፣ ዋጋው ሰማይ ነክቶ፤
ሲመሽ ያው እስር ጫት በሩብ ይለቀቃል፣
ጠውልጎ፣ አንገት ደፍቶ።
ሰው የዛሬን ያስቀድማል። ሒሳቡ ይኸው ነው።"

ሳቅን። ገባኝም። በፈተናው ወረቀት
ጫትን ምሳሌ አድርጌ ሙሉ ማርክ አገኘሁበት።

ቅዳሜ መጠይቄን ታቅፌ ገንደ ቆሬ ወጣሁ፤
ዘይቱና አብዲን (ስሟን ለውጫለሁ)
ቀፊራ ሎሚ ዘርግታ የምትውለውን
ከደጇ ጥላ ሥር አገኘሁ።
"ልጅሽ በወባ ሲተኛ ከኪስሽ ስንት ወጣ?"
ጣቷን ታጥፍ ጀመር፤ ቁጥሩ እየመጣ፣ እየመጣ፦
ካርድ።
የደም ምርመራ።
ባጃጅ፣ ሌሊት ስለሆነ እጥፍ።
ግሉኮስ፣ ከውስጥ አልቆ ከውጭ የተገዛ።
አራት ቀን ያልተሸጠ ሎሚ፣ ግማሹ ደርቆ የተጣለ።
"አጎበሩስ?"
"እሱ በነጻ ነው። ግን ተቀዶ ነበር፣ ልሰፋው ክር ገዛሁ።
ክር፣ አምስት ብር።"
ዝም አለች። ጆሮዋን ነካ አደረገች፣ ባዶውን።
"ይሄን ግን አትጻፊው። ባሌ ጅቡቲ ነው፣ አያውቅም።"

ከገቢ አሥር እጅ ያለፈ ወጪ
በመጽሐፋችን ስሙ "አጥፊ" ነው። ነገርኳት።
ወደ ደቻቱ አሸዋ በአገጯ ጠቆመች፦
"እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ
ደጋ ዘንቦ በሌሊት ሲመጣ
አሥር እጅ ነው፣ አርባ እጅ ነው ብሎ ማን ይለካል?
እኔን እዚህ ደርሶኛል" አለች፣ አንገቷን ይዛ።

ስለ ሦስት በመቶው ለምን እንዳወራኋት አላውቅም።
ስለ ጫቱም።
ረምዚ ከጎኗ፣ ገና ከንፈሩ እንደገረጣ፣
የካልኩሌተሬን ቁልፎች ይነካካል።
"ጫትማ" አለች፣ "የሚጠወልገው ስለተቆረጠ ነው።
ሎሚ ስትተክዪ አራት ዓመት እሾህ ብቻ ነው፤
እጅሽን እየወጋ ታጠጪዋለሽ።
ዋጋው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣ።
ያንቺ ሒሳብ የሚያውቀው
የተቆረጠውን ነው።"

የመለስኩላት የለም። ፊርማዋን ተቀበልኩ፣ በአውራ ጣት።

ሰኞ ሪፖርቱን ሠራሁ። ሁለት ጊዜ አሰላሁ፦
አንዴ በሦስት በመቶ፣ አንዴ ያለ ምንም ቅናሽ፤
ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።
ደንቡ ነው፤ አዲስ ነገር አልፈጠርኩም።
ለአጎበር የተመደበ ብር ከሌላ አልጋ ላይ ይነሣል፤
ይህን ያስተማሩኝ እውነት ነው።
ያንን አልጋ አውቀዋለሁ፣
አንሶላውን ራሴ አንጥፌዋለሁ።

ሠንጠረዡ ከአሥር ብር በታች ያለውን ይጥላል፤
የክሩን አምስት ብር በእስክሪብቶ ጻፍኩት፣ ከዳር።
የጆሮ ጌጡን አልጻፍኩም።
ስለዚህ ድምሩ ልክ አይደለም።
ፈረምኩበት።