የፊተኛዋ

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ሰጠኋት፤
እኔ መረቡ ስር፣ እሷ ከኋላ ናት።
ሌላ ሰው ኬናንጋን በመልኳ ያውቃታል፤
ለእኔ የጫማዋ ሲጥታ ይበቃኛል።
ትንፋሿን ከያዘች ልትዘል ነው ማለት፣
በአፍንጫዋ ከሳቀች ግራ ጉልበቷን አሟት።

ተጋል፣ ባሕሩ ዳር፣ አሮጌ የሩዝ ጎተራ፣
ዝናብ ሲወርድበት ቆርቆሮው ሲያጓራ፣
የሱገንግ ተግሣጽ አልሰማ ሲለን
ወለሉን ደብድቦ በቀርከሃ አስተማረን፦
አንዴ ከመታ ‹ግቢ›፣ ሁለቴ ‹ተመለሽ›፣
ሦስቴ ከመታማ ዛሬ ራት የለሽ።

ኳሷ የዝይ ላባ፣ አስራ ስድስት ፍሬ፣
ሁሉም ካንድ ክንፍ ነው፤ የገባኝ ግን ዛሬ።
ከግራና ከቀኝ ቀላቅሎ የሰፋት
ቀጥ ብላ አትበርም፣ ዙረት ነው የሚያጠፋት።
እሷ ግን ግራኝ ናት፣
እኔ ደግሞ በቀኝ።
በርረን ነበር እኮ።

ኦዴንሴ በበረዶ፣ ናጎያ በዝናብ፣
ሻንጣው ሌላ አገር ቀርቶ፣ እኛ በርሃብ፣
በሆቴል ማንቆርቆሪያ እንዶሚ ቀቅለን፣
ካልሲ መስኮት ላይ ሰቅለን፣
ማታ ሰው አምተን፣ ጠዋት ሰው አሸንፈን።
ሰርቭ ስመታ ግራ እጄ ከጀርባዬ ያወራል፦
አንድ ጣት፣ አጭር ነው። ሁለት ጣት፣ ረጅም።
ጠቋሚና ትንሿ (ሱገንግ አያውቃትም)፣
ዳኛው ቀበቶውን ረስቶታል ዛሬም።

ባዝል ላይ፣ ፍጻሜ፣ ሃያ ዘጠኝ እኩል፣
አንዲት ኳስ መጣች በሁለታችን መሃል።
እኔ ‹ያንቺ ናት› ብዬ፣ እሷ ‹ያንቺ ናት› ብላ፣
ወለሉ ላይ ቀረች ባለቤት አጥታ፣ ተጥላ።
ጋዜጣው ‹ድካም ነው› ሲል ጻፈ በማግስቱ፤
ይሉኝታ ነው እንጂ የጣለን በብርቱ።

ፌዴሬሽኑ ጻፈ፣ ሁለት መስመር ብቻ፦
እሷ ከሶሎ ልጅ፣ እኔም ከአዲስ አቻ።
አዲሷ ዊዲያስቱ ገና አስራ ዘጠኟ፣
ድመት ናት፣ አትሰማም፤
የት ነሽ? ብዬ ስዞር
ኳሷ ታልፈኛለች።

ጃካርታ፣ ሩብ ፍጻሜ። ከመረቡ ማዶ
ኬናንጋ ቆማለች፣ ላቧ ባንገቷ ወርዶ።
ስትጫወት ፊቷን ያየሁት ያን ቀን ነው።
ልትመታ ስትል የታች ከንፈሯን ትነክሳለች፣
አንድ ቅንድቧን ትሰቅላለች
ዕዳ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው።
እንዲህ ነበር ለካ! ባላጋራ ሁሉ
ያየውን ሳላይ ነው ያ ሁሉ ዓመት ሙሉ።

ሰርቭ ልመታ ስል ግራ እጄ በልማዱ
ከጀርባዬ ሄደ። ጠቋሚና ትንሿ ወጡ።
‹ምን ማለት ነው?› አለች ዊዲያስቱ ከኋላ።
ዳኛውን ቀና ብዬ አየሁት፤
እውነትም፣ ቀበቶ የለውም።
ከማዶ ሳቅ ሰማሁ፣
በአፍንጫ የሚሳቅ፣ አጭር።

አዳራሹ ሙሉ ሰው ሳቅ መስሎት ዝም አለ።
የሶሎዋ ልጅ አታውቅም። አሰልጣኟም አያውቅ።
እኔ ብቻ አውቃለሁ
ኳሷ የት ብትወድቅ ኬናንጋ እንደማትደርስ።

ላባዋን በሁለት ጣት እንደያዝኩ ቀረሁ።
ዳኛው ‹ቶሎ› አለኝ።