የተላጠ ስም

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ በር፣
ሽቦው ከወጣበት ከዣንጥላዬ ሥር፣
ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣
በግልባጭ ሠላሳ፣ ሃያ ነው ባንድ ፊቴ።
የወሰን ገፊውን፣ የፈት፣ የወራሹን፣
ጽፌ ጨርሻለሁ የሀገሩን ክሱን፤
እንዲህ ያለ ነገር ግን አልገጠመኝም፣
ስለ አንዲት ስኒ ዘይት ጽፌ አላውቅም።

አንጓች ቢያድግልኝ መጣች ማክሰኞ ዕለት፣
በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወረቀት።
«አንብብልኝ» አለች፣ አልተቀመጠች ገና፣
አነበብሁት እኔም መነጽሬን ሰካሁና፦

«ለወይዘሮ አንጓች ቢያድግልኝ፣ ባሉበት።
ጉዳዩ፦ ምርታችንን ያለ ውክልና መቸርቸርን ይመለከታል።
ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው
‹ጠለ ወርቅ› የተሰኘውን የድርጅታችንን የምግብ ዘይት
ከሃያ ሊትር ጀሪካን እየቀዱ
በስኒና በሃይላንድ እየሰፈሩ ሲሸጡ ስለተደረሰብዎት፣
ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ እንዲያቆሙ፣
ይህ ባይሆን በሕግ አግባብ የምንጠይቅዎ መሆኑን
በጥብቅ እናሳስባለን።
ከሰላምታ ጋር።»

ማኅተሙ ክብ ነው፣ መሐሉ ጠብታ፣
ጣቷን አሳረፈች ጠብታው ላይ ላፍታ።
«ከሰላምታ ጋር ነው?» አለችኝ ቆይታ፣
«እንግዲያ ሰላም ነን፤ ጻፍልኝ በተርታ።

«ጀሪካኑን ገዛሁ ብሬን ቆጥሬ፣
ደረሰኙም ይኸው፣ አለ እስከ ዛሬ፤
አልሰረቅሁ፣ አልቀማሁ፣ ዱቤም አልጠየቅሁ፣
ከመጋዘን በራፍ በጀርባዬ አወጣሁ።
ሃያ ሊትር ገዝቶ ማን ይበላል አሁን?
የቀን ሠራተኛው ያገኘው የዕለቱን!
ለአንድ ቀን ወጥ ብሎ አንዲት ስኒ ይሻል፣
ፋብሪካው ስኒ አይሰፍር፣ ማን ይደርስለታል?

«ደግሞ ጻፍ፣ ጻፍልኝ፣ ይቺን እንዳትረሳ፦
አባቴ ወንበርማ ኑግ ወቅቶ ሲያነሣ፣
ነጋዴ መጣበት ሚዛን አንጠልጥሎ፣
ወሰደው በኩንታል፣ ዋጋውን አቃሎ።
ከነጋዴው ገዝቶ ፋብሪካው ጨመቀው፣
ስም አወጣለትና ለኔው መልሶ ሸጠው።
አባቴ ያን ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ ወይ?
‹ኑጌን መልሳችሁ እንዳትሸጡ› አለ ወይ?»

እጄ ሊጽፍ ሄደ። ግን ሥራዬ ነውና፣
ባለጋራ ምን ይል? ማለት አለብኝና፣
«አንጓች» አልኋት፣ «ባለፈው ጥር፣ ያ ከጎንሽ ያለው፣
የከረመ ዘይት በጠለ ወርቅ ጀሪካን ሞልቶ የሸጠው፣
ሠርገኛው በሙሉ ሆዱን ይዞ ሲወጣ፣
የፋብሪካው ስም ነው ለስድብ የተሰጣ።
ዘይቱስ ያንቺ ይሁን፣ የተገዛ ነው፤
ስሙንስ የሸጠልሽ ማን ነው?»

ዝም አለች አንጓች። አንድ ባጃጅ አለፈ።
ነፋስ ጥላዬን መታው፣ ጠርዙን አጠፈ።

ሐሙስ ተመለሰች፣ ጥፍሯ ሙጫ ሆኖ፣
ፌስታሏ በወርቅማ ቅዳጅ ተደፍኖ።
ከየጀሪካኑ፣ በሙቅ ውኃ አርሳ፣
ስሙን ስትልጥ ነው ያደረች፣ ጠብታዋንም ሳትረሳ።
«ጻፍ» አለች። «ስማችሁ ይኸው፣ ተቀበሉኝ፣
ቁጠሩት፣ አልጎደለም፣ ፈርማችሁ ስጡኝ።
የማን ነው ቢሉኝ፣ የአንጓች ነው እላለሁ፣
ቢሻግትም በኔ ነው፣ በስሜ እሰደባለሁ።»

ንግድ ቢሮው «እናያለን» አለ፤ እስካሁን እያየ ነው።
ፋብሪካውም ዝም፤ ፌስታሉን ግን የወሰደው ፈርሞ ነው።
ለኔም ዋጋዬን አንድ ስኒ ሰፈረችልኝ፣
አፉን ሞልታ፤ ከጣቷ የተረፈውን ጨመረችልኝ።

በሳምንቱ ምን ልይ? ማዶ፣ ከዳምጤ ጥላ ሥር፣
ሰው ተሰልፏል፤ ደብዳቤው ለካ ለቸርቻሪው ሁሉ ደርሶት ኖር።
የኔኑ ማመልከቻ፣ አንዲት ነጥብ ሳይቀይር፣
የአንጓችን ስም ፍቆ ይሸጣል በአሥር ብር!
ተነሣሁ። እስክሪብቶዬን እንደ ጦር ይዤ፣
መንገዱን ተሻገርሁ በንዴት ጦዤ።
«የማን ነው?» ልለው ስል፣ አየሁት ከግርጌው፦
«ጸሐፊ፦ ዳምጤ» ይላል። ስሜን ልጦት ነው።

ቆምሁ። ምን እላለሁ? ቃሉስ የማን ነበር?
እኔስ ከአንጓች አፍ ቀድቼው አልነበር?