ሐሙስ ማታ፣ ምድር ቤት

እግር ጥሎኝ አይደለም፤ ወገቤ ነው ያመጣኝ፣
ሃያ ዓመት በአውቶቡስ ወንበር ላይ የቀጣኝ።
ሐኪሟ «ዮጋ» ብላ ጻፈች፤ የክኒን ስም መስሎኝ ሄድኩ፣
የመድኃኒት ቤቱ ሰው ሳቀ፤ ሲገባኝ እኔም ሳቅኩ።

ሳስካቱን፣ ጥር ወር፤ ሠላሳ አምስት ከዜሮ በታች፤
ከአዳራሹ ጥግ ማሞቂያዋ እንደ ጉንፋናም ታስላለች።
ዳርሲያ ናት አስተማሪያችን፣ ጡረተኛ አዋላጅ፤
ምጥ ሲጠብቅ የኖረ፣ የማይቸኩል ነው የሷ እጅ።
ከጎኔ ማሪቪክ፣ ከሌሊት ፈረቃ የመጣች፣
ገና ቁጭ ከማለታችን በእንቅልፍ የተረታች፤
ከፊቴ ሽማግሌው ሊንድ፣ ገበሬ፣ ረጅም እንደ ምሰሶ፣
ጉልበቱ ቋ ባለ ቁጥር «ዘይቱ አልቋል» ይላል፣ በሳቅ ፈርሶ።

«መንጋጋችሁን ልቀቁ» አለች።
መንጋጋ እንዳለኝስ መቼ አውቄ?
ጥርስህን ነክሰህ ቻል ነው የተመከርኩት፤
በነከስኩት ጥርስ ነው ይህን ሁሉ ያለፍኩት።
ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ፣ ጥርሴን ነክሼ ልጅ ዳርኩ፣
ወንድሜን የቀበርኩ ለት ጥርሴን ነክሼ አደርኩ።
አሁን አንዲት አዋላጅ «ልቀቀው» ብትለኝ፣
አገጬ ተንቀጠቀጠ፤ እንጃ ምን እንደነካኝ።

«በሆዳችሁ ተንፍሱ» አለች ደግሞ።
በሆድ?
እኛ ዘንድ ሆድ መተንፈሻ አይደለም፤
ግምጃ ቤት ነው፣ ቁልፉ የጠፋበት፣
ሆድ ይፍጀው ያልነውን ሁሉ የምንጥልበት።
እጄን እምብርቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።
የመጀመሪያው አየር እንደ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆመ፤
ሁለተኛው ገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፤
ሦስተኛው ወርዶ ወርዶ የደረሰበት ቦታ
አንድ ሰው ቆሞ ነበር፦
ስምንት ቁጥር መስመር፣ ገና ሳይነጋ፣
ሳንቲም ጎድሎት
በሩን የዘጋሁበት፣ ብርድ ላይ የተውኩት ሰው።
ስድስት ዓመቱ። ማንም አልከሰሰኝ፣ ማንም አልጠየቀኝ።
ጓንት አልነበረውም።
ሆዴ ለካ አልፈጀውም፤
አስቀምጦልኝ ነበር።

«አስተውሉ» ትላለች፤ እኔ በውስጤ ሳሻግረው
«ልብ በሉ» ይሆናል።
ስንቴ ተባልኩት ይሄን! በቄስ፣ በአለቃ፣ በትራፊክ ፖሊስ፤
መንገዱን ልብ አልኩ፣ መስታወቱን ልብ አልኩ፣ ሰዓቱን፤
ልቤን ብቻ
ልብ ሳልለው።

መብራቱን ቀነሰችና «አሁን እንደ ሬሳ ተኙ»።
አማተብኩ፣ በስውር።
ሬሳ መሆንም ለካ ሥራ ነው፤
ጣቶቼ መሪ እንደጨበጡ፣ ቀኝ እግሬ ፍሬን ፍለጋ፣
ጆሮዬ የመውረጃ ደወል ሲጠብቅ...
ማሪቪክ ታንኮራፋለች።
ማንም አልተሳፈረም። ማንም አይወርድም። የትም አልዘገየሁም።
አንድ ጣት ተከፈተ።
ቆየት ብሎ ሌላው።
እጅ መስጠት ሽንፈት ይመስለኝ ነበር፤
መዳፌን ወደ ላይ ገልብጬ
እጄን ለወለሉ ሰጠሁ፤
ቀዝቃዛ ነው ወለሉ፣
ግን አልመለሰኝም።

ዳርሲያ በእግሯ ጣቶች መጣች፤
ገና እንደተሸበበ ነበር ደረቴ፤
ዝቅ ብላ ስሜን ጠራች፣ ስም ብቻ መስሏት፦
አስፋው።

አባቴ ሲያወጣልኝ ያሰበው ስለ መሬት ነው፣
ስለ ድንበር፣ ከጎረቤት ስለሚገፋ ማሳ።
ሃምሳ ሦስት ዓመት «አቤት» ስለው ኖርኩ፤
ትእዛዝ መሆኑን ማን ነግሮኝ።

አስፋው፣ አለች እንደገና።

የጎድን አጥንቶቼ
አንድ በአንድ
አቤት አሉ።