የስምንት ሰዓት እራት

ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ሰው ምሳ ሲበላ፣
እኔ አልጋ ላይ ነኝ፣ መስኮቴን ከልዬ በጋቢ ከለላ።
ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ሰው በእንቅልፍ ሲረታ፣
ምሳ ዕቃዬን ሳብ አርጌ ክዳኑን ስፈታ፣
"ቁጥሩ አንድ ነው" እላለሁ፤ "ስምንትም ስምንት ነው፤
ሆድ መስኮት የለውም፤ ጨለማው ለማነው?"

ቱሉ ዲምቱ ዳር ነኝ፣ የብሎኬት ማምረቻ በር፣
የሲሚንቶ ብናኝ ከንፈሬ ላይ ሲሰፍር።
ማዶ የኮዬ ኮንዶሚኒየም መብራቱ አንድ በአንድ ሲጠፋ፣
የጅቡቲ መኪና ዳገቱ ላይ ሲያንኮራፋ፣
እኔ ንቁ ነኝ። ከልጅነቴም ሌሊት ይመቸኛል፤
ጠዋት የዶሮ ድምፅ፣ የሰው ድምፅ ይሰለቸኛል።

እቴነሽ ግን ሳይነጋ፣ ሰማዩ ገና ሳይገረጣ፣
እንደ ወታደር ብድግ ብላ ከአልጋዋ የምትወጣ፤
በእረፍቴ ቀን፣ ማታ ሦስት ሰዓት፣ ወሬ ጀምሬ ሳልጨርስ፣
ትከሻዬ ላይ ታንቀላፋለች፣ ታሪኬ መሐሉ ሳይደርስ።
አንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓት ተሰቅሏል፤
አንዱ ሲደውል፣ ሌላው አሸልቧል።

ጥቅምት ላይ ነው ነገሩ። ክምሩን ስዞር፣
ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር፣ እንደ ተቆለፈ በር፣
ከውስጥ ሲንኳኳ ሰማሁ። ቆምኩ። ባትሪዬን አበራሁ፤
ሌባ መስሎኝ እኮ ነው፣ "ማነህ?" ብዬ ተጣራሁ።
ማንም የለም።
ጅብ ብቻ ነው ከወንዙ ማዶ የመለሰው።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ተሰለፍኩ። ሲስተር ጂቱ ክንዴን ጠቅልላ
ቁጥሩን አየች፤ እንደገና ነፋችው፣ አላምን ብላ።
"ሲጋራ?" አለች። "ካቻምና ትቻለሁ።"
"ስንት ሰዓት ነው የምትበላው?"
እንዲህ ያለ ጥያቄ ሐኪም ሲጠይቅ የት አይቻለሁ?
"ስምንት።"
"ምሳ ማለትህ ነው?"
"የለም፣ እራት። የሌሊቱ።"
ብዕሯን አስቀመጠች።

"ስማኝ፣ ልብህም ዘበኛ ነው፤ ተረኛ ግን የለውም፤
ሌሊት ትንሽ ደገፍ ካላለ፣ ቀኑን አይዘልቀውም።
ግፊቱ ዝቅ በሚልበት፣ ሥሩ በሚላላበት ሰዓት
አንተ በሩን አንኳኩተህ ታስገባበታለህ፣ ያውም ከባድ እራት።
ሰውነት እንደኛው ሰዓት ነው፣ ከፀሐይ ጋር ይጀምራል፤
ያንተ ትንሽ ይዘገይ ይሆናል፣ የሚስትህ ይፈጥናል፤
ሰው ይለያያል።
ምግቡ ብቻ ነው አልልህም፤ ኪኒኑንም ዋጥ።
ብቻ ከስንት እስከ ስንት እንደምትበላ… እሱንም አትርሳ።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለት ቀላል ነው።
ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሳይርበኝ፣ እንደ መድኃኒት ጎረስኩ፤
እቴነሽ ሳቀች። ኮቴን ደርቤ ወደ ሥራ ገሰገስኩ።
ዋቅቶላ ከሹፌሮች ቤት ቅቅል ይዞ መጣ፣ በእንፋሎቱ፤
"ጾም ሳይገባ ጾምክ እንዴ?" አለኝ፣ አጥንቱን እየጋጠ፣ በሌሊቱ።
ዞር አልኩ። ሽታው ግን ዞሮ መጣ።

ስምንት ሰዓት ሲደርስ እጄ ሳላዛት ሄደች፣
ምሳ ዕቃው የሚቀመጥበትን ባዶ ቦታ ዳበሰች።
ሁለት ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ተሸነፍኩ፣ አልዋሽም፤
ደሞ ጀመርኩ። ልማድ በአንድ ሌሊት አይሸሽም።

አሁን ስገባ እቴነሽ ቂንጬ ይዛ ትጠብቀኛለች፤
"ቁርስህ ነው እራትህ?" ብላ ታሾፍብኛለች።
ስም የለውም። ከአንድ ሳህን እንበላለን፤
እሷ ልትሄድ ነው፣ እኔ ልተኛ፣ በር ላይ እንተላለፋለን።

ግፊቱ? ትንሽ ወርዷል። ሲስተር ጂቱ ግን አልሳቀችም፤
"ገና ነው" አለች፣ ወረቀቱን እያጠፈች።

ትናንት ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት፣ ብርዱ ብሎኬቱን ሲሰብር፣
እጄን ደረቴ ላይ ጣልኩ፣ እዚያው ከደጁ በር።
ይንኳኳል፣ ቀስ ብሎ። "ማነህ?" አላልኩትም አሁን።
"ተኛ" አልኩት፤ "ተረኛው እኔ ነኝ። እኔ ልጠብቅ በሩን።"