እኩል በእኩል

ቶሪኖ፣ ኅዳር ነው። ጭጋጉ ከወንዙ
በረንዳውን ይዟል፣ ገብቶ ከነጓዙ።
አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ትራሙ ሲያቃጭል
ብርጭቆ ይወጣል ከበረዶው ማህል።

እኔ ዕቃ አጣቢዋ፣ ሁለት ወር የሞላኝ፣
ሳሙና ጣቶቼን እንደ ሎሚ የላጠኝ፣
ዛሬ «ና» ተባልኩኝ፤ «ዓይንህን ይዘህ ቁም፤
ጆሮህ ለደንበኛ፤ አፍህ ግን አይጠቅም።»

ኤርሲሊያ ጂኑን አወረደች። ክዳኑ ሲከፈት
ዝናብ የመታው ጥድ ተዘረጋ በቤት።
ቬርሙቱን ግን ከመደርደሪያ አላነሣችም፤
ከማቀዝቀዣው አወጣችው፣ እንደ ወተት፣
እንደ ታማሚ መድኃኒት።

«ይኼ ወይን ነው» አለች፣ «ወይን ደግሞ ነፍስ አለው፤
አሪቲ ቢያጠጡት፣ አልኮል ቢደግፈው፣
ክፍቱን ከረሱት ግን አቧራ ሥር ይሞታል፤
ሰው ሬሳውን ቀምሶ ‹ቬርሙት አልወድ› ይላል።»

አባቷ ኤቫሲዮ ዕፅ ለቃሚ ነበር፤
ከተራራው ግርጌ አሪቲ ሲያጭድ፣ ሲያስር
ይውልና ማታ፣ ዳቦ ሲቆርስላት፣
ከመዳፉ ምሬት ዳቦው ይመርራት።
ዛሬም ጣፋጭ ዳቦ አታምንም።

በሩ ሲጢጥ አለ። ኢንጂነር ጋውደንሲዮ መጣ፤
ከመኪና ፋብሪካ አምና ጡረታ የወጣ።
ባርኔጣውን ሰቀለ።
«ደረቅ!» አለ፣ «ደረቅ! ወይኑን ከሩቅ አሳዪው፤
ብርጭቆው ሰላም ይበለው፣ ከዚያ በቃ፣ መልሺው!»

ሌላ ቀን ትስቅ ነበር። ዛሬ አልሳቀችም።
ጂን ብቻ ቀዳች፤ ምንም አልጨመረችም።
«ይኸው ያዘዝከው። ኮክቴል ግን አይባልም፤
ብቻውን የቆመ ብርድ ነው። ከዋጋው አልቀንስም።»

ጠጣው። ፊቱ አልተቋጠረም፤
እንዳልተቋጠረ ለማሳየት ግን ብዙ ደከመ።
ሳንቲሙን ቆጠረ፣ ቆጠረ፣
ባርኔጣውን ደፋ፤ ጭጋጉ ዋጠው።

ከዚያ መለኪያውን እጄ ላይ አኖረች።
«መጠጡን ይለካል፣ ቀጂውንም» አለች።
«አንድ ጂን፣ አንድ ወይን፤ ማንም ማንን እንዳያፍን።
ሁለት ጠብታ መራራ ብርቱካን
ለሽማግሌነት።
በረዶ አትሠስት፤ የሠሠትከው ቶሎ ይቀልጣል።
ማንኪያውን በጠርዙ አሽከርክር። ምን ያስንጥሃል?
ቅቤ አይደለም የምናወጣው።
ድምፁን ስማ፤ መጀመሪያ ይንኳኳል፣
በኋላ ይንሾካሾካል።
ሲንሾካሾክ ይበቃል።»

አዳመጥኩ። አንዴ አለፈኝ፤ ውሃ ሆነ፤ ደፋሁት።
ሁለተኛውን አጠለልኩት።
የሎሚውን ልጣጭ ከላዩ ጠመዘዝኩ፤
ዘይቱ ከአምፖሉ ሥር እንደ ትንኝ ሲበር አየሁ።

«ቅመሰው» አለችኝ።
መጀመሪያ ጥዱ መጣ፣ ከኋላው ወይኑ፤
ከዚያ፣ በቃ አለቀ ስል፣
ከምላሴ ሥር
አይቼው የማላውቅ ሰው መዳፍ።

ኢንጂነሩ ሳምንት ጠፋ። በዐሥረኛው ቀን
በሩ ሲጢጥ አለ።
ባርኔጣውን አልሰቀለም፤ በጉልበቱ ይዞት ተቀመጠ።
«ልጁ ይሥራልኝ።»
«እንዴት ላድርገው?»
ወደ እሷ አላየም። ወደ መስኮቱ፣
ወደዚያ ጭጋግ ዞሮ፣
«እናንተ እንደምትሠሩት» አለ፤ ቀስ ብሎ፣
ሰው ጎረቤቱን ጨው ሲለምን እንዲህ ነው።

መለኪያውን አነሣሁ።
ኤርሲሊያ ጀርባዋን ሰጥታን
የታጠበውን ብርጭቆ
እንደገና ማጠብ ጀመረች።