የጠመኔው መስመር

ከሶዳንኩላ ተነሥቶ፣ ሳቩኮስኪ በሚያደርሰው
ፖስታ አድላለሁ እኔ፣ ቤት ለቤት፣ ለሰው ለሰው።
ታኅሣሥ ሲገባ ፀሐይ ከጥዱ በላይ አትወጣ፤
በስምንት ሰዓት ይመሻል፣ ጨለማው መንገድ ሊቀማ ይመጣ።

ቮልቮዬ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ አሮጊት ናት፣ ግን አትለግም፤
ዓይኗን ብቻ ሞራ ጋርዶት፣ ያያል እንጂ አይለይም።
ባለፈው ጥቅምት አጋዘን፣ ከነግልገሏ፣ መሐል አስፋልት
ቆማ ሳያት ልቤ ቆመ፤ ፍሬኑን እንዴት እንደረገጥኩት!
አንድ ክንድ ነው የቀረን። ግልገሉ ዞሮ አየኝና
ጎማዬን አሽትቶ ሄደ፣ ቀስ ብሎ፣ በጎዳና።

ያን ማታ አዲስ አምፖል አዘዝኩ፣
ነጭ ኤልኢዲ፣ ርካሽ፤ የሠሪውንም ስም አልጠየቅኩ።
ራሴው ገጠምኩት።
እንዴት ነው ያበራው! የጥዱ ቅርፊት ተቆጠረ፤
በረዶው እንደ ስኳር ነጣ፣ የሌሊት ወገብ ተሰበረ።
የአንድ ሳምንት ንጉሥ ሆንኩ። ከፊት የሚመጡ ሁሉ
መብራት ሲያርገበግቡ፣ ሰላም የሚሉኝ መሰሉ።
እጄን አንሥቼ መለስኩ።

ታርሞን ነው ቦይ የከተትኩት፣ ጎረቤቴን፤ ግንድ በጫነ
ከባድ መኪና አርባ ዓመት የኖረ፣ በኔ ብርሃን ባከነ።

በማግሥቱ በሬን መታ። ይጮህብኛል ስል፣ ዝም።
ሜትር፣ ጠመኔ፣ ካቻቪቴ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሰም።
«ያንተ ዓይን በርቶ የኔ ጠፋ» አለ። ሌላ አልጨመረበት።
ቆይቶ፦ «ይሄ ብርሃን አይሞቅም፤ በረዶ ሲከመርበት
አያቀልጥም። ያኔ ዕውሩ አንተ ነህ።»

ነቀለው። የመብራቱ ቤት የተሠራው ለድሮው ነው፤
በሰው ጫማ እንደ መሮጥ፣ ጨረሩን የትም በተነው።
የድሮውን ዓይነት፣ አዲሱን፣ በጨርቅ ይዞ ገጠመ፤
«በጣት ከነካኸው ይሞታል» አለና፣ ሞራውን መፋቅ ቀጠለ፣
ውሃ እያርከፈከፈ፣ በሻካራ፣ በለስላሳ፣ ከዚያም በሰም።
የዛገ ሽቦ ቆርጦ ጣለ፦ «ኃይሉን የበላው ይኼ ነው፣
መንገዱ ላይ ሳይደርስ።»

ከጋራዡ ግድግዳ አሥር ሜትር ርቀን አቆምን።
«ጎማ ነፋህ?» «ነፋሁ።» «ፖስታውስ?» «ቤት ነው።» «ጫነው! ለምን
ባዶዋን ትለካታለህ? ኋላዋ ሲከብድ አፍንጫዋ
ሰማይ ነው የሚያየው።» ጫንኩት። ዝቅ አለ ጭራዋ።
ከአምፖሉ ቁመት አሥር ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጎ አሰመረ፤
ብሎኗን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር... ጨረሩ ወርዶ አደረ
መስመሩ ላይ። በቀኝ ብቻ ትንሽ ከፍ አለ፣ ለመንገዱ ዳር።

«ስንት ልክፈልህ?» ስለው፣
«የጎታቹን ደረሰኝ» አለ። ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

ትናንት ማታ መኪና መጣ። ረጅሙን መብራት አጠፋሁ፤
እሱም አጠፋ። በመሐል ጨለማ ቀረ፤ ጥቂት ፈራሁ።
በቀኝ፣ በበረዶው ዳር፣ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት የሚያበሩ
ዓይኖች። ቆምኩ። እሱም ቆመ። አጋዘኖቹ ተሻገሩ፣
ሳይቸኩሉ፣ ማንንም ሳያመሰግኑ።

መስመሩ አሁንም አለ። ካይሳ፣ ሚስቴ፣ «ምንድን ነው
ይሄ ግድግዳ ላይ?» አለች።
«አድማስ» አልኳት። «እንዳትደመስሺው።»